ገበያ ሳይወጣ የቀረ የአርኬድ ጌም ጅማ ላይ ለመጫወት

ፕሌይስቴሽን ቤት የሚመላለስ የጅማ ልጅ ፊፋን አሳምሮ ያውቃል። አርኬድን ግን የሚያውቅ እምብዛም ነው። አርኬድ ማለት ያ ቁም ሣጥን የሚያህለው፣ ሳንቲም እየጎረሰ የሚያጫውተው ማሽን ነው። እኛ አገር ብዙም አልገባም። እኔ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ኮምፒውተር ጥገና ላይ ነው የምውለው፤ ከጥገና የተረፈ ዕቃ ሞልቶኛል። ከዚያ ተራፊ ዕቃ አንድ አርኬድ አቁሜያለሁ። የሚያጫውተው ደግሞ ፋብሪካው እንኳን ያልሸጠውን ጌም ነው። «እንዴት አደረግከው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ እነሆ።

መጀመሪያ ግን አንድ ጌም ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለምን ሳይወጣ እንደሚቀር ልንገራችሁ። ካልገባችሁ የትኛውን ማውረድ እንዳለባችሁም አይገባችሁም።

ያኔ ፋብሪካው ጥቂት ማሽን ይሠራና ሰው ወደሚበዛበት መጫወቻ አዳራሽ ይወስደዋል። ከሌሎቹ ጋር ያቆመዋል። ከዚያ ሳንቲሙ ይቆጠራል። አጠገቡ ከቆመው ማሽን ያነሰ ከሰበሰበ አለቀለት፤ ጌሙ የቱንም ያህል ቢያምር ወደ መጋዘን ነው። አታሪ የሚባለው የጌም ኩባንያ በ1982 የሠራው አካ አር በዚህ መንገድ ቀረ። ሰው ከበደኝ አለ። በ1991 የተሠራው ማርብል ማን፣ የማርብል ማድነስ ሁለተኛ ክፍል፣ ዕጣው ያው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

አንዳንዱ ደግሞ ኩባንያው ራሱ ሲፈርስ አብሮ ይቀራል። በ1984 ዘ ላስት ስታርፋይተር የሚባል የሳይንስ ፊክሽን ፊልም ወጣ። አርኬድ ላይ ጎበዝ የሆነ ልጅ ለእውነተኛ የጠፈር ጦርነት ሲመለመል ያሳያል። ፊልሙ ሲያልቅ በሚያልፈው ጽሑፍ ላይ ጌሙ ከአታሪ እንደሚገኝ ይናገራል። የት ተገኝቶ! በዚያው ዓመት አታሪ ለሁለት ተከፈለ፣ የቤት ጌምና ኮምፒውተር ክፍሉም ተሸጠ፣ የአርኬዱ ማሽንም ሳይወጣ ቀረ። ለቤት ኮምፒውተር ተዘጋጅቶ የነበረው ጌም ስሙ ተለውጦ በ1986 ስታር ሬደርስ ሁለት ተብሎ ወጣ። ሴጋ የሚባለው ሌላ ኩባንያ ግን በ1982 ስታር ትሬክን ከተከታታይ ድራማው ወስዶ በአርኬድ አውጥቷል። እንደ ካፒቴን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚጫወቱበት ዓይነትም ነበረው። ዕድል ነው እንግዲህ።

ሱቅ መጥቶ «ያንን የፊልሙን ጌም ጫንልኝ» የሚለኝ አይጠፋም። የፊልሙ አፍቃሪዎች ፊልሙን እያዩ ለኮምፒውተር የሠሩት ነፃ ቅጂ አለ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን የፋብሪካው አይደለም። እኔ የምፈልገው ያኔ ሠሪዎቹ የጻፉትን፣ ያንኑ ኮድ ነው። ስለዚህ ግሪድሊን እመክራችኋለሁ።

ግሪድሊ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአታሪ የወጡ ሰዎች ባቋቋሙት ቪዲያ በሚባል ኩባንያ የተሠራ ነው። ገበያ አልወጣም። ኩባንያው ቆይቶ የአታሪ መሥራች በሆነው በኖላን ቡሽነል እጅ ገባና ሴንቴ ተባለ። እኔ ግሪድሊን የምመርጠው ግን ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ንግድ ላይ እስካልዋለ ድረስ ማንም በነፃ አውርዶ እንዲጫወተው ባለመብቱ ፈቅዷል። ፋይሉም ሜም (MAME) በሚባለው፣ የድሮ አርኬድ ጌም በኮምፒውተር በሚያስነሳው ፕሮግራም ድረ ገጽ ላይ ተቀምጧል። እዚያው ገጽ ላይ ኤክሲዲ የሚባል ኩባንያ የፈቀዳቸው ጌሞችም አሉ። ከነሱ ቲተር ቶርቸር የሚባለውም ገበያ ያልወጣ ነው። ስታር ፋየር ግን ወጥቷል። የ1970ዎቹ መጨረሻ የጠፈር ውጊያ ነው፤ መርከቦቹን ያየ ሰው ስታር ዋርስ የሚባለው ፊልም እንደታሰበ ወዲያው ይገባዋል። ፈቃድ ግን አልተወሰደበትም። ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ሰው የስሙን መነሻ ፊደላት እንዲጽፍ በማድረግም ቀዳሚው እሱ ነው።

«ንግድ ላይ እስካልዋለ» የምትለዋን አስምሩባት። ፕሌይስቴሽን ቤት ያላችሁ ሰዎች በሰዓት ሂሳብ ልታስከፍሉበት አትችሉም። ለልጆች፣ ለቤት፣ ለትምህርት ቤት ክበብ ይሁን።

አሁን ወደ ሥራው።

ኮምፒውተሩ አዲስ መሆን የለበትም። መሥሪያ ቤት የጣለው ዴስክቶፕ ይበቃል። ሁለት ነገር ብቻ እዩ። አንደኛ ዊንዶውሱ 64 ቢት ይሁን። ሜም አሁን ለዊንዶውስ የሚያወጣው እትም 32 ቢት ላይ አይነሳም። ሁለተኛ ከጀርባው ክብ፣ አረንጓዴ የማውስ መሰኪያ ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። ላፕቶፕም ይሠራል፤ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ግን አይመችም።

ስክሪኑ ላይ አትሸወዱ። ሰው ሁሉ ሰፊውን ፍላት ይፈልጋል። የዚያ ዘመን አርኬድ ስክሪን ወርዱ አራት ሲሆን ቁመቱ ሦስት ነው። ሰፊ ስክሪን ላይ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጌሙን ለጥጣችሁ ብትሞሉት ደግሞ ክቡ ሁሉ ዕንቁላል ይሆናል። ስለዚህ ማንም የማይፈልገውን፣ ያንን አራት ማዕዘን የሚመስለውን የድሮ 17 ኢንች ሞኒተር ፈልጉ። ጥገና ቤት ሁሉ ጥግ ላይ አለ። ስትገዙ ዝም ብላችሁ አብርታችሁ አትሂዱ። ትንሽ አቆዩት። የጀርባ መብራቱ የደከመ ሞኒተር ሲበራ ደህና ይመስልና ከቆይታ በኋላ ይቀላል ወይም ድርግም ይላል።

ሜምን አውርዱ። መቶ ሜጋ ባይት አካባቢ ነው፤ የሌሊት ፓኬጅ ለዚህ ነው የተፈጠረው። ይህን ፕሮግራም በ1997 የጀመረው ኒኮላ ሳልሞሪያ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ከ2016 ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። የሚሠራው ሥራ የጌሙን መልክ መኮረጅ አይደለም። የድሮውን ማሽን ቺፕ በቺፕ በሶፍትዌር ያስመስላል፤ ጌሙም የራሱ ማሽን ላይ ያለ መስሎት ይነሳል።

የወረደውን ፋይል ስትነኩት የት ልበተን ይላችኋል። ዲ ድራይቭ ላይ አዲስ ፎልደር ክፈቱለት። ዴስክቶፕ ላይ አትበትኑት፤ ስንት ፋይል እንደሆነ ስታዩ ትደነግጣላችሁ። ውስጡ ሮምስ የሚል ፎልደር አለ። የግሪድሊን ዚፕ እዚያ አስገቡ።

እዚህ ጋ ነው ሁሉም ሰው የሚሰናከለው። ዚፑን አትክፈቱት! እንዳለ፣ እንደታሰረ ይግባ። ስሙንም አትለውጡ። ሜም ፋይሉን የሚለየው በስሙ ነው። ልጆቹ «ግሪድሊ ቆንጆ ጌም» ብለው ስም ይለውጡና አልሠራም ብለው ይመጣሉ። መጠኑን አይታችሁም አትጠራጠሩ። ከአንድ የስልክ ፎቶ ያነሰ ነው። ያኔ ሙሉ ጌም በዚያች ነበር የሚያልቀው።

ግሪድሊ አንድ ለየት ያለ ጸባይ አለው። አንዳንድ ድምፁ ከሮሙ (ከጌሙ ፋይል) ጋር አይመጣም፣ ለብቻው በዚፕ ነው የሚገኘው። ካገኛችሁት ሳምፕልስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ይገባል፤ እሱም ሳይከፈት። ካላገኛችሁትም ጌሙ ይሠራል፣ ድምፁ ትንሽ ይጎድላል እንጂ።

ሜምን ስትከፍቱት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ስም ይደረድርላችኋል። አትደሰቱ፣ ፋይላቸው እናንተ ጋ የለም። በግራ በኩል ካለው ዝርዝር ያሏችሁን ብቻ የሚያሳየውን ምረጡ። ግሪድሊ ብቻዋን ትቀራለች። ሲነሳ ማስጠንቀቂያ ቢያሳይ አንብቡትና ማንኛውንም ቁልፍ ተጭናችሁ እለፉት። ሳንቲም ማስገባት 5 ቁጥርን መጫን ነው። መጀመር 1 ቁጥር። ለጊዜው ማቆም ኤፍ 5 (በቆዩት እትሞች ፒ)። መውጣት ኢስኬፕ። ልጆቹ 5 ቁጥርን አለማቋረጥ ይደበድቡታል፤ ነፃ ሳንቲም የት ይገኛል ታዲያ።

አሁን ወደ ማውሱ እንምጣ። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

ግሪድሊ የተሠራው በትራክቦል እንዲጫወቱት ነው። ሰሌዳው ላይ የተቀበረ ኳስ አለ፤ ኳሱን በመዳፍ ታሽከረክራላችሁ። ጅማ ላይ ትራክቦል የሚሸጥ ሱቅ አላውቅም። ግን ሁላችንም የረሳነው ነገር አለ፦ ሆዱ ውስጥ ኳስ ያለው የድሮው ማውስ። እሱን ገልብጣችሁ ሆዱን ወደ ላይ ካደረጋችሁት ትራክቦል ሆነ ማለት ነው። የዚህ ማውስ መሰኪያ ክብ ነው፤ ያንን አረንጓዴ መሰኪያ ፈልጉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እያለ ሰኩት። በርቶ እያለ ከሰካችሁት ዝም ይላል፣ መሰኪያውንም ልታቃጥሉ ትችላላችሁ።

ከመጠቀማችሁ በፊት ክብ ክዳኑን አዙራችሁ ኳሱን አውጡ። ውስጡ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎችና አንድ ትንሽ ጎማ ታያላችሁ። ዘንጎቹ ላይ ጥቁር ቆሻሻ ቀለበት ሠርቶ ይጠብቃችኋል። በጥፍር ወይም በጥርስ መፋቂያ ፋቁት። ቢላዋ አትጠቀሙ፤ ዘንጉ ከተጫረ ኳሱ ይንሸራተትበታል። ኳሱ ውስጡ ብረት፣ ላዩ ጎማ ነው። በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። አልኮል አታስነኩት፣ ጎማውን ያደርቀዋል።

ሲገለበጥ ግን ኳሱ ልል ይሆናል። ሲሠራ ኖሮ የነበረው በጠረጴዛው ግፊት ነው፤ አሁን የእናንተ መዳፍ ነው የሚጫነው። በጣት ጫፍ ብትነኩት ይዘላል። በመዳፍ ትንሽ ጫን ብላችሁ ስታንከባልሉት ይታዘዛል።

ሜም ማውስን በራሱ ፈቃድ ላያይ ይችላል። በቅንብር ፋይሉ (mame.ini) ውስጥ ማውስ (mouse) የሚል መስመር አለ፤ ፊት ለፊቱ 0 ካለ 1 አድርጉና አስቀምጡ። ከዚያ ጌሙን ክፈቱ። ኳሱን ወደ ቀኝ ስታንከባልሉት ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወደ ፊት ስትገፉት ግን ወደ ኋላ ይመጣል! ማውሱ አልተበላሸም። ገመዱን ወደ ፊት እንዳደረጋችሁ በጎኑ ስትገለብጡት ግራና ቀኙ ይስተካከላል፣ ፊትና ኋላው ግን ይገለበጣል። ጌሙ ውስጥ እያላችሁ ታብን ተጫኑ። ከሚመጣው ዝርዝር አናሎግ የሚለውን ግቡበት። ለቁመቱ መስመር መገልበጫ አለው፣ እሱን አብሩት። እዚያው ኳሱ ምን ያህል እንደሚፈጥንም ይስተካከላል። እኔ ከነበረበት ከፍ አድርጌዋለሁ። የማውስ ኳስ ከአርኬድ ኳስ ስለሚያንስ ካልጨመራችሁለት እጃችሁ ይደክማል።

ሣጥኑን ከፈለጋችሁ አናጺ ጋ ሂዱ። ካልፈለጋችሁ ጠረጴዛ ይበቃል፤ ግን ሣጥን ሲኖረው ሌላ ነው። እኔ ሂርማታ አካባቢ ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጺ ጋ ሥዕሉን ይዤ ሄድኩ። አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው? የሞባይል ካርድ መሸጫ?»

«አይ ጋሼ፣ ጌም መጫወቻ ነው። ሰው ፊቱ ቆሞ ይጫወታል።»

«ለምን ይቆማል? በርጩማ ጠፍቶ ነው ጅማ ላይ?»

እውነታቸውን ነው። እኔ የፈረንጁን ልክ ነበር የያዝኩት፤ የሳቸው ሐሳብ ግን ተሻለ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል፣ ባለ ሦስት እግር ነው። ወለሉ ቢጎረብጥም አይወላገድም፤ ሦስት እግር የትም ያርፋል። ልጅ ጌም ሲሞቅበት ወዲያና ወዲህ ሲል ባለ አራት እግር ወንበር ሲንኳኳ ይውላል። ስለዚህ ሣጥኑን በበርጩማው ልክ አሠሩት። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ ክንዳችሁን እጠፉ፣ ከወለል እስከ ክርናችሁ ይለካ። የኳሱ ሰሌዳ እዚያ ልክ ይሁን። ስክሪኑ ከዓይናችሁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ዘንበል ይበል፤ አምፖሉ እንዳያንጸባርቅ።

እንጨቱን በተመለከተ ዋንዛ ያምራል፣ ኪስ ይጎዳል። ደህና ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ቺፑድ ግን አደራ! የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ቺፑድ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ብሎኑም ይላላል። ከሥሩ የመኪና ጎማ ቁራጭ አስመቱለት፣ ወለል ሲወለወል ውሃው እንዳይነካው። ከጀርባ ከታችም ከላይም ቀዳዳ ይኑረው። ቀዝቃዛው በታች ይገባል፣ ሙቁ በላይ ይወጣል። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ወንፊት ሸፍኑ። በረሮ ሙቀት ይወዳል፣ ፓወር ሳፕላይ ውስጥ ገብቶ ሲሞት ደግሞ ሾርት ያደርጋል። ለጥገና ከሚመጡልኝ ኮምፒውተሮች ምን እንደማወጣ አትጠይቁኝ።

መብራት ሌላው ጉዳይ ነው። ግሪድሊ ያስመዘገባችሁትን ነጥብ ሜም ዲስክ ላይ የሚጽፈው ጌሙን ስትዘጉት ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ነጥቡም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አሪፍ ነጥብ ያስመዘገበ ሰው ወዲያው በኢስኬፕ ወጥቶ ይመለስ። እኔ ጋ የሚጫወቱት ልጆች ይህን ለምደውታል፤ አንዱ ሪከርድ ሲሰብር ሌላው «ውጣ! ውጣ! ሳይሄድ!» ብሎ ይጮኻል።

ዩፒኤስ ካላችሁ ጥሩ። ግን ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ ከዲቫይደር አይለይም፤ ነቅላችሁ ሞክሩት። ዩፒኤስ ከሌለ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን አጥፉ። ሲመለስ አንዳንዴ ገፍቶ ነው የሚመጣው። ትንሽ ጠብቃችሁ አብሩ።

ክረምቱን ሙሉ ዘግታችሁ አታስቀምጡት። በየቀኑ ትንሽ ቢበራ የራሱ ሙቀት እርጥበቱን ያባርርለታል። ረከቦትም ከአጠገቡ ይራቅ። ጀበና ሲደፋ ምን እንደሚሆን ሁሉም ይገባዋል፤ የዕጣኑን ጭስ ግን ማንም ልብ አይለውም። ማራገቢያው ጭሱን ስቦ ያስገባዋል፣ አቧራ ይለጠፍበታል፣ ከዚያ በብሩሽ እንኳን አይለቅም።

የጌሙን ሕግ ከእኔ አትጠብቁ፣ ራሳችሁ ድረሱበት። አንድ ነገር ብቻ፦ በአሁኑ ጌም ዓይን አትመዝኑት። ያኔ ሰውን ቶሎ ገድሎ ሌላ ሳንቲም ማስከተት ነበር ሥራው። ከባድ ነው፣ አይምርም። አጫጭር ዙር ይጫወቱበት፤ ልጆች በተራ ሲያደርጉት ነው የሚጥመው።

አካ አርን የምትፈልጉ ካላችሁ እሱም ይገኛል፣ በነፃ ግን አይደለም። በ2022 አታሪ 50ኛ ዓመቱን አስመልክቶ ባወጣው ስብስብ ውስጥ የ1982ቱ ራሱ ገብቷል፤ ፕሌይስቴሽን 4 ላይም ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። በ2023 በዚያው ስም የወጣው ግን ጄፍ ሚንተር የሚባል ጌም ሠሪ እንደ አዲስ የሠራው ነው፤ ስትገዙ እንዳይምታታባችሁ። ክፍያው በውጭ ካርድ ስለሆነ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይጠየቅ። የማርብል ማን ፋይል በ2022 ሾልኮ ወጥቶ በየቦታው ይዞራል። እሱን ግን ባለመብቱ ስላልፈቀደው ጫንልኝ ብላችሁ እኔ ጋ አትምጡ።